የፋሮስ ድንጋዮች አልጠፉም

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ስለ ጥንት የባሕር መብራት ማማዎች ያወጣችሁትን ወድጄዋለሁ። ግን የእስክንድርያው ፋሮስ «ምንም ሳይተርፍ ጠፋ» መባሉ ልክ አይደለም። 100 ሜትር ገደማ የነበረው ማማ በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1470ዎቹ የግብፁ ሱልጣን ቃይትባይ እዚያው ቦታ ምሽግ ሲያሠራ ከፍርስራሹ ድንጋይ ወስዷል፤ ምሽጉ ዛሬም ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ጠላቂዎች ግዙፍ የግራናይት ድንጋዮች ከባሕሩ ሥር አግኝተዋል። ይሄ ቀላል ነገር ነው እንዴ?

እኛ ሐዋሳ ባሕር የለንም። ግን አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ሲመሽበት እናቴ ሐይቁ ዳር ፋኖስ ይዛ ትቆማለች፣ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች። ለዛ ነው ነገሩ ልቤን የሚነካው።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው እትም የምሽጉን ፎቶ አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ