ፈረንጅ አትጠብቅ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ። እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ጎንደር ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እህትህ ደውላ ነገረችኝ። ጸሎት ቤቱን ለማሠራት ለውጭ አብያተ ክርስቲያናት ደብዳቤ እየጻፍክ ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ ፊትም «ሚሲዮን ካልረዳን የትም አንደርስም» ብለሃል። የአባባ የልጅ ልጅ እንዲህ ይላል? ልጄ፣ ፈረንጅ አትጠብቅ።

አባባ ደምቢ ዶሎ ድሬሰር ሳሉ የሰሙትን ስንቴ አውርተውልሃል። አንተ ግን ትንሽ ነበርክ፣ ጭናቸው ላይ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር። ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተነሥተው ሳዮ፣ ያው ደምቢ ዶሎ፣ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። የላከቻቸው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ናት። የኅዳር በሽታ ሰዉን ጨርሶት ስለነበር አገረ ገዢው ሐኪም ይፈልጉ ነበር። ሕክምናው ተጀመረ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ምእመኑ ግን ገና ጥቂት ነበር።

ከዚያ ጣልያን ገባ። ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ። በቃ፣ አለቀ የሚያሰኝ ጊዜ ነበር። ቄስ ጊዳዳ ሶለን ግን ነበሩ። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጠፋው፣ ሲለምኑ ያደጉ ሰው። እሳቸውና ማሞ ጮርቃ ሕዝቡን ይዘው ቆዩ። ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ትተውት ከሄዱት የበዛ ምእመን ጠበቃቸው! ከዚያ ሥራ የበቀለችው ቤተ ክርስቲያን፣ ቤቴል፣ ራሷን የቻለችው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሆነች። የቄስ ጊዳዳ ልጅ ዶክተር ነጋሶም የአገር ፕሬዚዳንት ሆኑ። አባባ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰበር ነበር። ከመሞታቸው በፊት ደምቢ ዶሎን አንዴ ልያት ብለውኝ ነበር። ገንዘብ ስናገኝ መንገዱ ተዘጋ፣ መንገዱ ሲከፈት እግራቸው ከዳቸው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ብርዱ ከብዷል አሉ፣ ጋቢውን ልኬልሃለሁ። በሶውን ክፍት አትተወው። ጥርስህንም ታየው፤ ካደረ ይብስብሃል።

የእኛው አገርስ ቢሆን? የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የላከቻቸው ሰዎች እዚሁ ጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤልን ሲያስተምሩ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሌሎቹ አውሮፓውያን ጋር አሰሯቸው። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ወደቀ፣ እነሱም ወጡ። ከዚያ በኋላ እዚህ የሚሲዮን ሥራ የያዙት እንደ ሚካኤል አረጋዊ ያሉ የአገሩ ልጆች ናቸው።

ያመጡልንን ወንጌል አልረሳም። ሆስፒታሉንም፣ ትምህርት ቤቱንም አልረሳም። ዶክተሩን የሚንቅ ሰው ቤቴ አይገባም። ግን ፈረንጅ አትጠብቅ፤ ሽማግሌዎቹን ጠብቅ። ሳትጠይቃቸው ምንም አትጻፍ።

የተላከ ደብዳቤ ካለ አሁኑኑ ንገራቸው፣ ይቅርታም ጠይቃቸው። 2,000 ብር በአክስትህ ልጅ በኩል ይደርስሃል። ለቆርቆሮ ነው። ለገንዘብ ያዡ ስጥና ደረሰኙን ላክልኝ።

እናትህ