ለቪየናው ጋሼ፣ ስማችሁን ለዘለልኩትም ሁሉ

ይህን መልእክት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን" እልና ቀጥሎ የማመሰግነው ሰው ትዝ ሲለኝ እንባዬ ይቀድመኛል። ዛሬ ግን እያለቀስኩም ቢሆን እጨርሰዋለሁ።

የየካቲቱን ነገር አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። አልደግመውም። በረዶ፣ ደረጃ፣ እግር፤ በቃ። አሁን ያለ ክራንች እሄዳለሁ። ማስተርሴንም ጨርሻለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቦሌ ስደርስ እናቴ መጀመሪያ ያየችው ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነው።

ጋሼ "ስሜን እንዳታነሺ" ብለውኛል። እሺ፣ አላነሳም። ቪየና ያላችሁ ግን ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። በደርግ ጊዜ ወጥተው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ትራም ሲነዱ የኖሩት ጋሼ ናቸው።

መስከረም 2010 ቪየና ስገባ የማውቀው ዶርሜን፣ ክፍሌንና አንድ ሱፐርማርኬት ብቻ ነበር። እዚያ አገር እሁድ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል። ቅዳሜ ማታ ዳቦ ካልገዛሁ እሁድን በሻይ እውል ነበር። ሐበሾች የተሰበሰቡበት አንድ ቤት ጋሼ አጠገቤ ተቀመጡና "ቅዳሜና እሁድ ምን ትሠሪያለሽ?" አሉኝ። "እተኛለሁ" አልኳቸው። "ለመተኛትማ አዲስ አበባ አይሻልም ነበር?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አፈርኩ። በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝና ኦፔራ ወሰዱኝ።

ኦፔራ ሲባል የሀብታም ነገር ነው የሚመስለው። እኔም "ጋሼ፣ እኔ እኮ ተማሪ ነኝ" ብዬ ነበር። ለካስ የቪየና መንግሥታዊ ኦፔራ የመቆሚያ ቦታ አለው። በዚያን ጊዜ ዋጋው ምድር ቤቱ 4 ዩሮ፣ ፎቁ 3 ዩሮ ነበር። መሃል ከተማ አንድ ማኪያቶ ከዚያ ይወደድ ነበር። የምድር ቤቱ መቆሚያ ደግሞ ከንጉሡ ሎጅ ሥር፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ነው። ብዙ መቶ ዩሮ ከፍለው ጎን ላይ የተቀመጡት አንገታቸውን ሲያጣምሙ እኛ በ4 ዩሮ ቀጥ ብለን እናይ ነበር። የሚከፈለው በጉልበት ነው። መጀመሪያ ሰልፉ አለ፤ ከዚያ ሦስትና አራት ሰዓት መቆም አለ።

ቦታሽን የምትይዢው መደገፊያው ላይ ሻርፕ በማሰር ነው። አንዴ ካሰርሽ ወጥተሽ ሳንድዊች ብትበዪም የሚነካብሽ የለም። ቪየና ውስጥ ያየሁት በጣም የሚከበር ሕግ ይህ ነው! እኔ የዚያን ቀን ሻርፕ አልነበረኝም። ከቅዳሴ መምጣቴ ነውና የለበስኩት ነጠላ ነው። ጋሼ ነጠላዬን አየት አደረጉና "እሰሪው" አሉኝ። አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ሰልፉ ላይ የማይጠፉት አሮጊቶች በነጠላዬ ለዩኝ። ጥለቱን እየነኩ እናቴ ሠርታው እንደሆነ ይጠይቁኛል። ከመርካቶ ነው ብዬ ላሳፍራቸው አልፈለግሁም።

በዚያው ምሽት ቆሎ ከቦርሳዬ አውጥቼ መቆርጠም ጀመርኩ። ብሔራዊ ቲያትር ያደገ ሰው ምን ያድርግ? ከፊት ያሉት ዞር ዞር አሉ። ጋሼ በጆሮዬ "ልጄ፣ ቆሎሽን ለባቡር አስቀምጪው" አሉኝ።

በእረፍት ሰዓት የነገሩኝን እስከ ዛሬ እያሰብኩት እገረማለሁ። ያ ቤት በፈረንጆቹ መጋቢት 1945 በቦምብ ተቃጥሎ ነበር። አሥር ዓመት ሠርተውት በፈረንጆቹ ኅዳር 5 ቀን 1955 ፊዴሊዮ በሚባለው የቤትሆቨን ኦፔራ እንደገና ከፈቱት። የኛው ብሔራዊ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ይባል የነበረው፣ ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ የተከፈተውም በዚያው በ1955 ነው፣ በኛ 1948 መሆኑ ነው። የኛ ቲያትር ቤት ሙዚቃ ክፍል መሪ ደግሞ ፍራንዝ ዜልቬከር የሚባል ኦስትሪያዊ ነበር። ጋሼ በልጅነታቸው ከአንበሳው ሐውልት ሥር ቆመው ውስጥ የሚለማመዱትን ሙዚቀኞች ያዳምጡ ነበር። "እኔ ወደ ቪየና የመጣሁት ያኔ ነው፤ ሰውነቴ ነው ዘግይቶ የደረሰ" አሉኝ። ከዚያ መጋረጃው ተነሣና ዝም አልን።

ጋሼ፣ ያንን ቀን እንዴት አድርጌ ላመስግንዎት?

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሁድ አላስተኙኝም። "ባቡር ተሳፍረሽ ድንበር ካልተሻገርሽ አውሮፓ መምጣትሽ ምኑ ነው?" ይሉኛል። ብራቲስላቫ በባቡር አንድ ሰዓት ነው፤ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ እንደመሄድ ማለት ነው፤ የሌላ አገር ዋና ከተማ መሆኑ ግን ይገርማል። በፈረንጆቹ 1886 የተሠራውን አሮጌውን ቲያትር ቤት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ቡዳፔስት ግን ብቻዬን ሄድኩ። ኦፔራ ቤቱን አያለሁ ብዬ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ በባቡር ተጉዤ ስደርስ ለእድሳት ተዘግቷል። ደውዬ ስነግራቸው ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ። "አስቀድሞ መጠየቅ ነውር መሰለሽ?" አሉኝ። ቡርግቲያትር በሚባለው የቪየና ቲያትር ቤት ደግሞ ጀርመንኛው ሲከብደኝ ደረጃው ላይ ያለውን የጣሪያ ሥዕል እንዳይ ነገሩኝ። ታዋቂው ሠዓሊ ክሊምት ከነወንድሙ ራሱን ተመልካቾቹ መሃል ሥሎ አስቀምጧል። ሠዓሊው ራሱን የሣለው እዚያ ብቻ ነው ይባላል። ቲያትሩ ባይገባሽም እሱን አይተሽ ትመለሻለሽ።

ሳልዝቡርግ የሄድኩት ለአሻንጉሊቶቹ ነበር። ከፈረንጆቹ 1913 ጀምሮ ኦፔራን በክር በሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች የሚያሳዩበት ቤት አለ። እንደ ሕፃን እየሳቅሁ ወጣሁ። ከዚያ ያው የምታውቁት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የማላውቃትን ሴትዮ ማመስገን አለብኝ። ደረጃው ሥር ካፖርትሽን አውልቀሽ ያለበስሽኝ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ በዚያ ብርድ በሹራብ ብቻ እጄን ይዘሽ የቆየሽው ሴትዮ፣ አማርኛ እንደማታነቢ አውቃለሁ። ካፖርትሽን ይዤብሽ ሄድኩ። ሆስፒታሉን አስጠይቄሽ ነበር፤ ልትገኚ አልቻልሽም። ኪሱ ውስጥ ግማሽ ቸኮሌት ነበር። በልቼዋለሁ፤ ይቅርታ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ቪየና ሆስፒታል ተዛውሬ ስተኛ በየቀኑ መጡ። በየቀኑ ነው ያልኩት። ሽሮ በፔርሙዝ፣ እንጀራ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ነርሶቹ በሽታው እስኪመስላቸው ድረስ ክፍሉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩኝና "71ን ገና አልተሳፈርሽም" አሉኝ። 71 ቁጥር ትራም ወደ ትልቁ መካነ መቃብር የሚሄደው ነው። ቪየናዎች ሰው ሲሞት "71ን ተሳፈረ" ይላሉ። ጋሼ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ይነዱ የነበረው ይህንኑ ትራም ነው። "እኔ እያለሁ አላሳፍርሽም" አሉኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያኔ ነው። ጀሶው ውስጥ እግሬ እየተቆረጠመ ሳቅሁ።

ያንን ሳምንት ልናየው የተቀጣጠርነው ኦፔራ ነበር። ቀረብኝ ብዬ አለቀስኩባቸው። እግር ተሰብሮ ለኦፔራ ይለቀሳል? ይለቀሳል፤ ሰው ታሞ ሲተኛ የሚያለቅስበት አያጣም። ማታ በእረፍት ሰዓት ደወሉልኝና የመጀመሪያውን ክፍል በአማርኛ ተረኩልኝ። ማን ማንን እንደከዳ፣ ዘፋኟ ምን እንደለበሰች፣ የትኛው ላይ ድምጿ እንደደከመ ሁሉ ነገሩኝ። ሁለተኛውን ክፍል ደግሞ በማግስቱ ሽሮውን ይዘው መጥተው ጨረሱልኝ።

ሌላውን ግን እሳቸው አልነገሩኝም። ከሰልፉ አሮጊቶች አንዷ ልትጠይቀኝ መጥታ ነው የሰማሁት። ጋሼ የዚያን ቀን ሁለት ቲኬት ቆርጠዋል። ነጠላዬ እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ለሆስፒታል ዕቃዬን ሲሰበስቡ አብረው ወስደውታል። ሁሌ በምቆምበት ቦታ ላይ አስረውታል። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆሞ፣ አጠገባቸው አንድ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ ነበር። አንድ ቱሪስት ሊገባ ሲል "ተይዟል" ብለውታል።

ጋሼ፣ በ72 ዓመትዎ ያንን ሁሉ ሰዓት ቆመው። ምነው ሳይነግሩኝ ቀሩ?

ሌሎቻችሁን ማሳጠሬን ይቅር በሉኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ቀን ያራዘሙልኝ መምህራኖቼ፣ አመሰግናለሁ። ሐኪሞቹ፣ ነርሶቹ፣ የፊዚዮቴራፒዋ "አንዴ ድገሚው" ባይ፣ እጃችሁ ይባረክ። የክፍል ጓደኞቼ ሁላችሁም ኖት ልካችሁልኛል፤ የማን ጽሕፈት እንደማይነበብ ግን ራሱ ያውቃል። የቪየና ሐበሾች፣ ለኪራዬ ያዋጣችሁትን የነገረኝ ሰው አለ፤ ደብቃችሁኝ ነበር። አብራኝ የኖረችው ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ካልሲ አልብሳኛለች። ስሟን ብጽፍ ትቆጣኛለች። በጸሎት ያሰባችሁኝ የሰፈሬ እናቶች፣ ጧፍ አብርታችሁ ብር የጨረሳችሁ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እናቴንና አባቴን እዚህ አላመሰግንም፤ ምሳ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

የረሳሁት ሰው አለ። መኖሩን አውቃለሁ። ሌሊት ትዝ ይለኝና እነሣለሁ። እባካችሁ አትቀየሙኝ፤ ደውሉና "እኔስ?" በሉኝ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደምታነብልዎት ነግራኛለች። ከመሄዴ በፊት ነጠላውን አጥበው ሊመልሱልኝ ሲሉ አልቀበልም ያልኩት ረስቼው አይደለም። እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። መስከረም ላይ ቤቱ ሲከፈት ይሰሩት። ቲኬቱን ግን አንድ ብቻ ይቁረጡ፤ ሲደክምዎት ደግሞ ይቀመጡ።