መምህሯ ወደ ክፍል ይዛው የምትገባው ልጅነት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአፀደ ሕፃናት ነገር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ክፍል ጥበት፣ ስለ ወንበር ቁመትና ስለ መጽሐፍ እጥረት ነው። ችግሮቹ እውነት ናቸው። መምህራኑን በማሠልጠን ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ግን ጆሮ እንዲሰጠው የምንፈልገው ሌላ ጉዳይ አለ፦ መምህሯ ራሷ በልጅነቷ ምን አየች? ምን ሰማች? ስታለቅስ ምን ተደረገላት? በሥልጠና የተማረችው ከዚህ ጋር ሲጋጭና አርባ ሕፃን በአንድ ጊዜ ሲንጫጫባት፣ የሚያሸንፈው የልጅነቱ ነው።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 እንደጻፈው፣ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ 13,000 ሰዓት ያህል በመምህራን ፊት ያሳልፋል። ሐኪም ወይም ግንበኛ የሚሆን ልጅ የወደፊት ሥራውን ይህን ያህል ሲሠራ አያይም። ችግሩ፣ ያየው ከተማሪ ወንበር ላይ ሆኖ ነው። መምህሩ ክፍሉን በአንድ ድምፅ ሲያስብል ሰምቷል፤ ለምን እንዳስባለ ግን የነገረው የለም።

ፊደል ቆጠራን እንውሰድ። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ይላል። ዜማው ስለሚይዘው ብዙውን ተራ ሳያይ በቃሉ ይወጣዋል፤ የኔታም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ሀሁ ሲያልቅ አቡጊዳ ይከተላል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል የለመደው ቅደም ተከተል ይሰበራል፤ ፊደሏን በመልኳ ካላወቃት ዜማው አያድነውም። ቀደም ያለው ልጅ ደግሞ ጀማሪውን አጠገቡ አስቀምጦ ያስቆጥራል። ዘዴው ሙሉ ነበር። ዛሬ በየክፍሉ ስንገባ የምናገኘው ግን ጩኸቱን ብቻ ነው። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ያለውን ተራ በዱላ ትጠቁማለች፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል፣ ግማሹ ልጅ የሚያየው በመስኮት ወደ ውጭ ነው። በልጅነት ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ዜማው ስለሆነ፣ ስንደዶውና አቡጊዳው መንገድ ላይ ጠፍተዋል።

ማስተካከያው ገንዘብ አይጠይቅም። ከካርቶን የመዳፍ ስፋት ያላቸው ካርዶች ቆርጦ በቀን ሦስት ፊደል ብቻ መጻፍ፣ ቅደም ተከተሉን አዛብቶ አምስት አምስት ልጅ እየጠሩ ማሳየት ነው። «ሁ»ን ለብቻዋ ሲያሳዩት ከ«ሀ» ጀምሮ በሹክሹክታ የሚያንጎራጉር ልጅ የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ለእሱ ካርዱን እጁ ላይ ሰጥቶ በጣቱ ማስኬድ ይሻላል፤ ተራውን ደግሞ ማስጮህ ዜማውን ያጠብቅበታል እንጂ ፊደሉን አያሳየውም።

ስለ ቅጣት ሕጉ ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ ሠልጣኞችም ሕጉን አያጡትም። ኩርኩሙ ግን ሕጉን አስታውሶ አይመጣም። በትምህርቱ መሐል የሚመጣበትም ጊዜ ጥቂት ነው። እጅ ሲታጠቡ፣ ምሳ ዕቃ ሲከፈት፣ ከሜዳ ሲገቡ፣ ልጆች ያለ ሥራ ተሰልፈው ሲቆዩ ነው እጅ የሚነሳው። የአራት ዓመት ልጅ ቆሞ ሲጠብቅ ይገፋል፣ ይጎትታል፣ ይህ የዕድሜው ነው። መምህሯ በልጅነቷ እንዲህ ስታደርግ የደረሰባት ቁንጥጫ ከሆነ፣ ከማሰቧ በፊት ጣቷ ይቀድማል። ስለዚህ «አትምቺ» ከማለት ሰልፉን ማጥፋት ይቀላል፦ ስድስት ስድስት ልጅ ወደ ውኃው ይሄዳል፣ የቀሩት ተቀምጠው ይዘምራሉ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ይነገራቸዋል።

ታናናሾቿን አዝላ ያሳደገች መምህርት ሌላ ዓይነት ቅርስ ይዛ ትመጣለች። የሚያለቅስ ልጅ አያስደነግጣትም፣ ትኩሳቱን በእጇ ታውቃለች፣ እሹሩሩውን ትችላለች። ይህን ማንም ኮሌጅ በአንድ ዓመት አያስተምርም። ነገር ግን ቤት ውስጥ ሥራው መድረስ ስለነበረበት ሁሉን ራሷ መሥራት ለምዳለች። ጫማ ታስራለች፣ ቁልፍ ትቆልፋለች፣ ታጎርሳለች። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ሲባል ሰምታ ያደገች ሰው፣ ልጁ የጀመረውን ጭቃ ከእጁ ወስዳ አሳምራ ትመልስለታለች፤ በፍቅር ነው የምታደርገው። ጫማውን ራሱ እንዲያደርግ አምስት ደቂቃ በፕሮግራሙ ላይ ካልተጻፈላት ግን በግራና ቀኝ ጫማ ላይ የሚታገል ልጅን ዝም ብላ ማየት አትችልም።

ከሁሉ የሚያሳዝነን በእጃችን ያለ ሀብት ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። በአምስት ጠጠር የሚጫወቱት ቅልልቦሽ አንዱን ወርውሮ አራቱን መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱንም በአንዴ መሰብሰብ ነው። አራት ቁጥር በስንት መንገድ እንደሚከፈል ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ትምህርት የለም። ይህን ጨዋታ በልጅነታቸው የሚችሉት መምህራን ብዙ ናቸው፤ ትምህርት ነው ብለው ግን አያስቡትም፣ ምክንያቱም ያኔ ጨዋታው የሚቀረው ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ነበር። ለትንንሽ ልጆች ሲሆን መወርወሩን መተውና ማንሳቱን ብቻ ማስቀረት፣ ጠጠሩንም አፍ ውስጥ ገብቶ በማያንቅ፣ ለምሳሌ በጨርቅ በተሰፋ የእፍኝ ያህል የባቄላ ከረጢት መተካት ያስፈልጋል። ሰኞ ማክሰኞም እንዲሁ ነው። በአንድ እግር መዝለል ሚዛን ይፈልጋል፤ ያልደረሰለት የሦስት ዓመት ልጅ በሁለት እግሩ ይዝለል። እንቆቅልሽ ላይ ደግሞ «ምን አውቅልህ» ካለ በኋላ ልጁ እስኪያስብ ይጠበቃል፣ ካቃተው አገር ይሰጣል እንጂ አይሰደብም። ሜሪ ባድ ሮው የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነና ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ መልሱ እንደሚረዝም አሳይታለች። ያንን ሦስት ሰከንድ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ሁልጊዜ ይሰጥ ነበር።

የልጅነት ጉድለትም ቢሆን ከታየ ሥራ ላይ ይውላል። «አፀደ ሕፃናት» የሚለው ስም ራሱ የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው፤ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1840 በቋንቋው ያወጣው ስምም ትርጉሙ ይኸው ነው። ፍሮብል እናቱ የሞተችው ገና ዓመት ሳይሞላው ሲሆን፣ አባቱ በቄስነት ሥራ የተጠመደ ነበር፤ ልጅነቱ ብቸኝነት የበዛበት፣ መጽናኛውም አትክልትና ጫካ ነበር። ያቋቋመው ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ መደብ መሬት ነበረው። ግቢያቸው ሲሚንቶ ለሆነ አፀደ ሕፃናት ይህ ሊያሳስብ ይገባል፤ አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ጎኑን ቆርጦ አፈር ሞልቶ ባቄላ መዝራት ይቻላል፣ ታች ቀዳዳ ካልተበጀለት ግን ሥሩ ይበሰብሳል።

ጥያቄያችን ይህ ነው። የመምህራን ኮሌጆች ከንድፈ ሐሳቡ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ለልጅነት ትዝታ አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡ። «ልጅነትህ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይሠራም፤ የሚመጣው «ጥሩ ነበር» ነው። ጥያቄው የሚጨበጥ ይሁን፦ የት ትቀመጥ ነበር? መምህሩ በእጁ ምን ይዞ ነበር? ስትሳሳት የክፍሉ ልጆች ምን አደረጉ? ተረት የሚነግርህ ማን ነበር፣ ስንት ሰዓት ላይ? ሃያ ደቂቃ በጽሑፍ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆኖ መነጋገር፤ በሙሉ ክፍል ፊት ማስነበብ የለም። መናገር ያልፈለገ ያልፋል። ወረቀቱ ከታረመና ነጥብ ከተሰጠው ነገሩ ያኔውኑ ይበላሻል፣ ሠልጣኙ አሠልጣኙ የሚወደውን ይጽፋልና። የሚከብድ ነገር ያነሳ ሰው ካለ ቀስ ብሎ ማቆምና ለብቻ ማነጋገር ነው፤ ክፍሉ የሕክምና ቦታ አይደለም።

«እኔም ተመትቼ ነው ሰው የሆንኩት» የሚል ሰው ሳይገኝ አይቀርም። መከራከር አይጠቅምም። «በተመታህበት ቀን የተማርከው ፊደል የትኛው ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን መጠበቅ ይበቃል።

በተግባር ልምምድ ወቅት ደግሞ አንዲት ባልደረባ ክፍሉ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተቀምጣ ሦስት ነገር በጭረት ትቁጠር፦ መምህሯ ልጅን በስሙ ስንቴ ጠራች፣ ከጥያቄዋ በኋላ ስንት ሰከንድ ጠበቀች፣ ልጁ ሊሠራው የጀመረውን ስንቴ ወሰደችበት። ከዚያ የመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት ይወጣና ሁለቱ ጎን ለጎን ይነበባሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ከተደረገ ለውጡ በወር ይጠፋል፤ በየሁለት ወሩ ይደገም።

ርዕሳነ መምህራንም መስከረም ሳይገባ መምህር ሲቀጥሩ ከዲፕሎማው ጋር አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «በልጅነትሽ የምትወጂውን ጨዋታ እዚህ፣ አሁን፣ አሳይን።» አመልካቿ የጨዋታውን ሕግ በቃል ትንገር ወይስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ታሳይ፣ ያን ጊዜ ይታያል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአፀደ ሕፃናት መምህራን አሠልጣኞች
አዲስ አበባ