ሐረጎ ላይ የምትግለው መኪናሽ

ውድ ልጄ፣

እሑድ ማታ ኮምቦልቻ በሰላም መግባትሽን ስትነግሪኝ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ጠዋት ከኮምቦልቻ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ጨርሰሽ ደሴ ስትደርሺ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ነበር። በራችን ላይ ስታቆሚ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስትመለሺ ቁልቁለት ስለሆነ መርፌው መሀል ላይ ቆመልሽ። ይህ ግን ተሽሏት አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ብዙ አይሠራም።

ሰኞ ያሳየሽው መካኒክ ምንም ሳይነካ “ራዲያተር ቀይሪ” ብሎሻል። ሊሆን ይችላል። ግን ሳይፈተሽ በምን ታወቀ? ያን ሁሉ ብር ከማውጣትሽ በፊት ግቢሽ ውስጥ ራስሽ ልታዪው የምትችዪው ብዙ ነገር አለ። አብሽሪ፣ ከባድ አይደለም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ትንሽ ሳለሽ ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ትጠይቂኝ ነበር። “ሥራ ላይ ነው” እያልኩ አልፈዋለሁ። ያን ጊዜ ሚኒባስ እነዳ ነበር። ሐረጎ ወገቡ ላይ ስንደርስ ውሃው ፈላ። ተሳፋሪው ቸኮለ፣ እኔም ቸኮልኩ። ጨርቅ ይዤ የራዲያተሩን ክዳን ፈታሁት። የፈላው ውሃ ከእጄ አንጓ እስከ ክርኔ ገሸለጠኝ። ያም አልበቃ፣ ረዳቴን ከምንጭ ቀዝቃዛ ውሃ አስቀድቼ በጋለው ሞተር ውስጥ አስጨመርኩት። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ተሰነጠቀ። ሞተሩ ወረደ፣ እኔም ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። እናትሽ ወርቋን ሸጣ ነው ቤቱን ያቆመችው።

ስለዚህ ሞተሩ ሙቅ ሳለ ክዳኑን አትንኪው። መኪናዋን ከማስነሳትሽ በፊት፣ ጠዋት ማየት ነው የሚሻለው። መንገድ ላይ ከሆነ ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቂ። ከዚያ ወፍራሙን የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ ያዥው። ቀዝቅዞ፣ ስትጨምቂውም ከለሰለሰ ብቻ ክፈቺ። ነጠላም ሻርፕም አውልቂ። ፋኑ ሞተር ጠፍቶም በድንገት ሊዞር ይችላል።

ጥሩ መካኒክ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት “የት ነው የምትግለው?” ብሎ ይጠይቃል። ፒያሳ መንገድ ተጨናንቆ ቆመሽ ስትጠብቂ ከጋለች፣ ስትሄድ ደግሞ ከበረደች፣ ፋኑን ጠርጥሪ። ኤሲውን ስታበሪ ፋኑ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን፣ ከዚያ ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያገናኝለትን ሪሌ እዪ። ጠዋት ተነስታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከጋለች ወይ ውሃ የላትም፣ ወይ ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተው ቴርሞስታት ተዘግቶ ቀርቷል። ያንቺ ግን ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ደህና ናት። የምትግለው ዳገቱ ላይ ብቻ ነው።

ዳገቱን እወቂው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደሴ 2,500 አካባቢ። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወጪያለሽ። ሞተሩ ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል፣ ፍጥነት ስለሌለሽ ግን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ከፍ ባልሽ ቁጥር ውሃ ቶሎ ይፈላል። ባሕር ጠረፍ ላይ ባለ አገር 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ 94 ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። እናትሽ ባቄላው አልበስል ሲላት የምትማረረው ለዚህ ነው። የሞተርሽ የሥራ ሙቀትም ከ90 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ታዲያ ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ምንድን ነው? ያ ትንሽ የራዲያተር ክዳን ነው።

ክዳኑ መዝጊያ ብቻ እንዳይመስልሽ። ውስጡ ሞላ አለው፣ ግፊት ይይዛል። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተጽፎ ታገኚያለሽ፤ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ያ ግፊት ካለ ደሴም ላይ ውሃው 110 ዲግሪ ሳያልፍ አይፈላም። ላስቲኩ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከደከመ ግን ግፊቱ ያመልጣል። ያኔ አዲስ ራዲያተር ብታስገጥሚም ያው ትፈላለች። ስለዚህ ላስቲኩን በጣትሽ ዳብሺው። የትርፍ ውሃውን ፕላስቲክም እዪ። እሱ ሞልቶ ራዲያተሩ ጎዶሎ ከሆነ፣ ሞተሩ ሲበርድ ክዳኑ ውሃው ተመልሶ እንዲሳብ አያደርግም ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ቴርሞስታቱ ነው። ሞተሩ ሞቆ የላይኛው ቱቦ ሲያቃጥል የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ በደንብ አልተከፈተ ይሆናል። እሱን አብረን እንፈታዋለን። ለምግብ የማትፈልጊው አሮጌ ድስት አዘጋጂ። በክር አንጠልጥለን ውሃ ውስጥ እንከተውና ምድጃ ላይ እንጥደዋለን። አብዛኛው ላይ 82 የሚል ቁጥር አለ፤ በዚያ ዲግሪ መከፈት ይጀምራል። ውሃው ሲንተከተክ ከፈት ብሎ መታየት አለበት። ሙሉ በሙሉ ባይከፈት አትደንግጪ። ሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው፣ የኛ አገር ውሃ ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ይፈላል። በዚህ ምክንያት ደህና ቴርሞስታት ሲጣል አይቻለሁ። “አውጥተሽ ያለ እሱ ንጂ” የሚልሽም አይጠፋም። እንዳትሰሚው። በደሴ ብርድ ሞተሩ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይውላል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ያልቃል።

ራዲያተሩን የምንከሰው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃው ቡናማ ሆኖ ዝገት ካሳየሽ ውስጡ ተደፍኗል። ከውጭ ደግሞ ክንፎቹ መሀል ጭቃና ትንኝ ተጠቅጥቆ እንደሆነ እዪ። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ቀስ ባለ ውሃ ይታጠባል። ቺንጋውም ላልቶ እንደሆነ ተመልከቺ፤ ያ ከሆነ የውሃ ፓምፑ በደንብ አይዞርም።

የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቴስታታውና በሞተሩ መሀል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ እንዳይሆን። መሬት ላይ ጠብታ ሳታዪ ውሃው እየጎደለ ነው? የዘይቱን ክዳን ስትከፍቺ ማኪያቶ የመሰለ ነገር አለ? ቀዝቃዛ ሳለች የራዲያተሩን ክዳን ከፍተሽ ስታስነሺያት ሳታቋርጥ አረፋ ታወጣለች? ነጭ ጭስስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አይቆምም? ከነዚህ አንዱን ካየሽ አጥፊያት፣ ከግቢ እንዳትወጣ።

የጎደለውን በባዶ የቧንቧ ውሃ አትሙዪ። ኖራው ራዲያተሩ ውስጥ ይጋገራል። ኩላንት የሚባለውን የራዲያተር ፈሳሽና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅዪ። ኩላንት መርዝ መሆኑን ደግሞ አትርሺ፤ ስለሚጣፍጥ የጎረቤት ልጆችና ድመቷ እንዳይቀምሱት ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው።

የግድ ሆኖ ዳገት ላይ መርፌው ሲወጣ ካየሽ ኤሲውን አጥፊ። መስኮት ክፈቺና የማሞቂያውን ሙቀት እስከ መጨረሻው ልቀቂው፤ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ቀዩ ጋ ከተጠጋ ግን ጥግ ይዘሽ አቁሚ፣ ሞተሩን አጥፊ። ከኋላሽ የሚያንጫርር አይሱዙ አያስቸኩልሽ።

እስከ ቅዳሜ በታክሲ ተመላለሺ። እኔ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁ። ክዳኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብበሽ ዛሬ ማታ ደውዪልኝ፤ አዲሱን ከዚሁ ገዝቼ እይዛለሁ። ድስቱን እንዳትረሺ። እናትሽ ቆሎ ልካልሻለች።

አባትሽ