ግልጽ ደብዳቤ ለትንሽ ከተማ ከንቲባ፦ ኪራይ ረክሶልን መጣን፣ በምን እንቆይ?

ይድረስ ለክቡር ከንቲባ፣

ስምዎንም የከተማዎንም ስም እዚህ አልጻፍኩም። ደብዳቤው ለአንድ ሰው ብቻ ስላልሆነ ነው። ኪራይ ከብዷቸው ትልቁን ከተማ ለቀው የሚመጡ ሰዎችን የምትቀበሉ የትናንሽ ከተሞች ከንቲባዎች ሁሉ ብታነቡት ደስ ይለኛል። ግን እንደ አንድ ሰው ላናግርዎ፤ እንደዚያ ይቀለኛል።

ከባለቤቴና ከልጃችን ጋር ወደዚህ ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። የመጣነው ሌላ ምክንያት ኖሮን አይደለም። ደሞዛችን ከወር ወር አላደርስ ስላለን ነው። ደሞዝ ይገባል፣ ኪራይ ይከፈላል፣ የተረፈው ሁለት ሳምንት እንኳን አይዘልቅም። አንድ ማታ ባለቤቴ ደብተር አወጣችና የወሩን ወጪ አንድ በአንድ ጻፈችው። ኪራዩ ብቻውን የሁለታችንን ገቢ ግማሽ በልቶታል። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበትና «እኛ እኮ የምንሠራው ለአከራያችን ነው» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ከሦስት ወር በኋላ ዕቃችንን ጫንን።

መጀመሪያ ላመስግን። ኪራያችን ከግማሽ በታች ወርዷል። ልጄ ትምህርት ቤት በእግሯ ትሄዳለች። እኔ ጠዋትና ማታ መንገድ ላይ የማጠፋቸው ሦስት ሰዓታት ተመልሰውልኛል። ድሮ ቤት ስገባ ልጄን ተኝታ ነበር የማገኛት፤ አሁን ማታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዋን አያለሁ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ብቻ ብዬ መጥቼ ቢሆንም አይቆጨኝም ነበር።

ነገር ግን እኛ በመጣንበት ሰሞን ከመጡት አራት ቤተሰቦች ሁለቱ ተመልሰዋል። ኪራይ ተወዶባቸው አይደለም። ብዕር ያነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ኪራይ አይቶ ይመጣል፤ የሚሄደው ግን ኪራዩ ላይ ባልተጻፈ ወጪ ነው። ያንን ወጪ ደግሞ በአብዛኛው ሊያቀልሉት የሚችሉት እርስዎ ነዎት።

ከመጓጓዣው ልጀምር። ቺካጎ ውስጥ ሴንተር ፎር ኔበርሁድ ቴክኖሎጂ የሚባል ድርጅት አለ። በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ መለኪያ አወጣ። ከዚያ በፊት የቤት ወጪ ከገቢ 30 በመቶ ካላለፈ ቤቱ አቅምን ያገናዘበ ነው ይባል ነበር። እነሱ ግን ቤቱን ለብቻው መቁጠር ያሳስታል፣ መጓጓዣውም አብሮ ይደመር አሉ። ሁለቱ ተደምረው ከገቢ 45 በመቶ ካለፉ ያ ቤት ርካሽ አይደለም። በዚህ ሲሰላ ርካሽ የሚመስሉ ብዙ ራቅ ያሉ ሰፈሮች ውድ ሆነው ተገኙ፤ ያለ መኪና የትም መድረስ የማይቻልባቸው ስለሆኑ።

እኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው። ትልቁ ከተማ ሳለን መኪና አልነበረንም፣ አላስፈለገንምም። እዚህ ግን የመጨረሻው አውቶቡስ የሚያልፈው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባለቤቴ ከሥራ የምትወጣው ሁለት ሰዓት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በእግሯ ትመጣ ነበር፣ መብራት በሌለበት መንገድ፤ እኔ ደግሞ ልጅ ጥዬ መውጣት ስለማልችል መስኮት ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። በመጨረሻ በብድር ያገለገለ መኪና ገዛን። ነዳጅ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ጎማ አለ፣ ብድሩ አለ። ከኪራይ ካተረፍነው ላይ አንድ ሦስተኛው በዚህ ሄደ። አንድ አውቶቡስ እስከ ሦስት ሰዓት ቢሠራ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወጣን ነበር። ከእኛ በቀር ደግሞ በዚያ ሰዓት ከሥራ የሚወጡ ብዙ ሰዎች አሉ፤ መንገድ ላይ አያቸዋለሁ።

ሥራስ? ጄኒፈር ሮባክ የምትባል የኢኮኖሚ ባለሙያ በ1982 ባሳተመችው ጥናት ያሳየችው ነገር አለ። ኪራይ፣ ደሞዝና የኑሮ ምቾት ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ኪራዩ ዝቅ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ወይ ደሞዙም ዝቅ ያለ ነው፣ ወይ የጎደለ ነገር አለ። እኔ ሥራዬን በኢንተርኔት ስለምሠራ የድሮ ደሞዜን ይዤ መጣሁ። ባለቤቴ ግን የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሥራ ለማግኘት ሰባት ወር ፈጀባት፣ ያገኘችውም ከድሮው ባነሰ ደሞዝ ነው። ከተመለሱት ቤተሰቦች በአንደኛው ባልየው ዓመት ሙሉ ፈልጎ አጣ። ሚስቱ ጥሩ ሥራ ነበራት፣ ቤታቸው ሰፊ ነበር፣ ልጆቹም ለምደው ነበር። ግን አንድ ትልቅ ሰው በየቀኑ ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን ያውቁታል። መጨረሻ ላይ ሰው ማናገር አቁሞ ነበር። የሁለተኛዎቹ ልጅ አስም ነበረባት፤ የሚከታተላት ሐኪም ያለው የአራት ሰዓት መንገድ ተሂዶ ነው። ሁለት ጊዜ ሌሊት መንገድ ላይ ከታመመችባቸው በኋላ ሦስተኛውን አልጠበቁም።

ሐኪም በአንድ ቀን እንደማይመጣ አውቃለሁ። የሥራውን ጉዳይ ግን እንዲህ ቢያደርጉት። በከተማው ያሉ ክፍት የሥራ ቦታዎች፣ የመንግሥቱም የግሉም፣ አንድ ቦታ ተሰብስበው ሰው ዕቃውን ሳይጭን በፊት ማየት ቢችል። ባለቤቴ ያገኘችው ሥራ ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አምስት ወር ቆይቷል። በዚያ በኩል ስላላለፍን አላየነውም።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከሁሉ ያቃጠለኝ እሱ ነው። በመጣን በሦስተኛው ቀን ለነዋሪነት ምዝገባ ሄድኩ። «ከነበርክበት መሸኛ አምጣ» ተባልኩ። ተመልሼ ሄድኩ፤ ሙሉ ቀን መንገድ። እዚያ ደግሞ «አዲሱ አድራሻህ የተረጋገጠበት ወረቀት ከሌለህ መሸኛ አንሰጥም» አሉኝ። ይህን ይዤ እዚህ መጣሁ፤ «ሳትመዘገብ እንዴት አድራሻህን እናረጋግጣለን?» መስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ጥፋት የለባትም። እንዲያውም አዘነችልኝ። በእጅ የሚጻፍ ትልቅ መዝገብ ፊቷ ተዘርግቶ፣ ገጹን በጣቷ ይዛ፣ «እኔ ብችል አሁኑኑ እጽፍልህ ነበር» አለችኝ። ጉዳዩ ያለቀው በአራተኛው ምልልስ ነው። እስከዚያ ልጄ ትምህርት ቤት መግባት አልቻለችም። ሦስት ሳምንት ቤት ዋለች። ለአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ፣ ጓደኞቿን ትታ ለመጣች ልጅ፣ ሦስት ሳምንት በጣም ረጅም ነው።

ኢስቶኒያ ውስጥ ሰው አድራሻ ሲቀይር ቤቱ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት ያስመዘግባል። እዚያ ከነዋሪው የገቢ ግብር የተወሰነው ድርሻ የሚሄደው ለተመዘገበበት ማዘጋጃ ቤት ስለሆነ ከተሞቹ ራሳቸው ኑና ተመዝገቡ ይላሉ። ጃፓንም ከ2023 ጀምሮ የመልቀቂያውን ማስታወቂያ ዲጂታል መታወቂያ ያለው ሰው በኢንተርኔት እንዲያስገባ ፈቅዳለች። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነገ ኮምፒውተር ይደርድር አልልም። ከሚለቀቀው ከተማ ጋር በስልክ ተደዋውሎ መሸኛውን በቀጥታ መቀበል ግን ይቻላል። ወይም ወረቀቱ እስኪመጣ ልጆች በጊዜያዊ ደብዳቤ ትምህርት ይጀምሩ። ይህን ለመወሰን አንድ ስብሰባ ይበቃል።

ኢንተርኔቱንም ሳላነሳ አልለፍ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ይጠፋል። እንደኔ ከሩቅ የሚሠራ ሰው ኢንተርኔት ከጠፋበት ሥራው ጠፋ ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ስብሰባ የገባሁባቸው ቀናት አሉ።

ብዙ አገሮች ሰው ወደ ትናንሽ ከተሞች እንዲሄድ ገንዘብ ሲሰጡ አይቻለሁ። አሜሪካ ውስጥ የኦክላሆማዋ ተልሳ ከ2018 ጀምሮ ሥራውን ይዞ ለሚመጣ ሰው 10,000 ዶላር ትሰጣለች፤ ወጪውን የሚሸፍነው አንድ የቤተሰብ ፋውንዴሽን ነው። ጃፓን በ2019 በጀመረችው ፕሮግራም ከቶኪዮ ማዕከል ወደ ክፍለ ሀገር ለሚዛወር ቤተሰብ እስከ 1 ሚሊዮን የን ትደግፋለች፣ በ2023 ደግሞ ለየልጁ የምትጨምረውን ከፍ አድርጋለች። አምስት ዓመት ሳይሞላው የሄደ ገንዘቡን በሙሉ ወይም በከፊል ይመልሳል። ጣሊያን ውስጥ የሲሲሊዋ ሳምቡካ በ2019 የተተዉ ቤቶችን በ1 ዩሮ መነሻ ለሽያጭ አቀረበች፤ ገዢው በሦስት ዓመት ውስጥ አድሶ እንዲጨርስ ግዴታ አለበት።

እኔ ከሁሉም የኖርዌዩን ነው የምወደው። በሰሜኑ ጫፍ፣ በፊንማርክና በሰሜን ትሮምስ፣ ከ1990 ጀምሮ እዚያ የሚኖርና የሚሠራ ሰው ከትምህርት ብድሩ ላይ በየዓመቱ 10 በመቶ ይሰረዝለታል፤ ጣሪያ ግን አለው። የገቢ ግብሩም ዝቅ ያለ ነው። ልዩነቱን ይዩት። ሌሎቹ ለመምጣቱ ነው የሚከፍሉት፤ ይህኛው ለመቆየቱ። ሰውየው በየዓመቱ በቆየ ቁጥር ይቀልለታል። እኔ ገንዘብ ስጡን እያልኩ አይደለም። ሐሳቡን ግን ልብ ይበሉልኝ፤ መጥቶ ለሚቆይ ሰው በየዓመቱ አንድ ነገር እንዲቀልለት ማድረግ።

አሁን ለመጻፍ የከበደኝ ነገር ላይ ደረስኩ። እኛ የምንመጣው ኪራይ ረክሶልን ነው። ግን በመምጣታችን ኪራዩን እናስወድደዋለን። ታችኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። እዚያች ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ስብሰባ ላይ ከሆንኩ እሳቸው ጋ ነው የምትገባው። ባለፈው ዓመት አከራያችን ኪራያቸውን ጨመረባቸው። ለምን ሲሉት «ላይ ያሉት አዲሶቹ ሳይከራከሩ የሚከፍሉትን አያዩም?» አላቸው። አዲሶቹ እኛ ነን። እውነቱን ነው፣ አልተከራከርኩም። ከለመድኩት ኪራይ አንጻር በጣም ርካሽ ስለመሰለኝ በጠራው ዋጋ ፈረምኩ። እሳቸው ግን ቅር አላላቸውም። «ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ» ነው ያሉኝ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሜሪካ ውስጥ ያለችውን የአይዳሆዋን ከተማ ቦይዚን ያስቡ። በ2020 እና በ2021 ከውድ ከተሞች ሥራቸውን ይዘው የመጡ ሰዎች ሲበዙ የቤት ዋጋ ተተኮሰ፤ እዚያው ተወልደው በዚያው ከተማ ደሞዝ የሚኖሩ ሰዎች በገዛ ከተማቸው ቤት መግዛት አቃታቸው። ይህ እዚህ እንዳይሆን ማየት ያለብዎት አሁን ነው፣ ሰው ሲጎርፍ አይደለም። እኛ ባለንበት መንገድ ብቻ በራቸው ዝጎ የተዘጋ አሥራ አንድ ቤቶች ቆጥሬአለሁ። ባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ሌላ አገር ናቸው፣ አንዳንዶቹ ውርስ አልጨረሱም። ጃፓን በ2023 ባደረገችው ቆጠራ 9 ሚሊዮን ገደማ ባዶ ቤት ተገኝቷል፤ እዚያ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች አኪያ ባንክ የሚሉት መዝገብ ከፍተው ባዶ ቤት ያለውንና ፈላጊውን ያገናኛሉ። እንዲህ ያለ መዝገብ ይክፈቱ። ባለቤቱን ፈልጎ የሚጽፍ አንድ ሠራተኛ ይመድቡለት። እነዚያ አሥራ አንድ ቤቶች ቢከፈቱ አዲስ መጪውም ቤት ያገኛል፣ የጎረቤቴም ኪራይ ይረጋጋል። ለነባር ተከራይ ደግሞ በዓመት የሚጨመረው ልክ ይኑረው። ይህ ደንብ እኛን አዲሶቹን መጀመሪያ ላይ ባይጠቅመን ግድ የለም።

የኪራይ ውላችን በሚቀጥለው ወር ያልቃል። ባለቤቴ ደብተሩን እንደገና አውጥታዋለች፤ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው። ኪራይ የሚለው መስመር ደህና ነው። ከሱ ሥር መኪና፣ የሐኪም መንገድ፣ የኢንተርኔት ካርድ እያለ ይወርዳል። መቆየት ነው የምንፈልገው። ልጄም ትልቁ ከተማ እንመለስ ብላ አታውቅም።

ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሥራ የለኝም። ቢሮዎ ይምጡ ካሉን እኔና የቀሩት ሁለት ቤተሰቦች እንመጣለን። ታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤቴም እመጣለሁ ብለዋል፤ ደረጃው ስለሚከብዳቸው ምድር ቤት ያለውን ክፍል ቢያስከፍቱልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከነዋሪዎችዎ አንዱ