የታሪክ ክበብ፦ በመዶሻ የተመታ ብር

ዘንድሮ ክበባችን በአንድ ርዕስ ላይ አተኩሮ ሠርቷል፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ነገሥታት የብር ሳንቲሞች ላይ። ለዚህ ያበቃን ለንደን የሚኖሩ የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪ ያዋሱን ባለ ስድስት ፔኒ ነው፤ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ በ1573 እ.ኤ.አ. የተመታ።

ያየው ሁሉ «ለምን በደንብ አልከበበም?» ይላል። የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው። ምስል የተቀረጸበት አንድ ብረት ግንድ ላይ ይተከላል፣ ጠፍጣፋው ብር ይቀመጥበታል፣ ሁለተኛው ቅርጽ ከላይ ተይዞ በመዶሻ ይመታል። የአክሱም ሳንቲሞችም በመዶሻ የተመቱ ናቸው። የ9ኛ ክፍል አባላት በአሉሚኒየም ሲሞክሩት የላይኛው ብረት ነጥሮ ምስሉ ድርብ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በፎቶግራፍ ላይ ድርብ አገጭ ያላት ንግሥት ሲያዩ ምክንያቱን የሚያስረዱት እነሱ ናቸው።

ብዙ ያከራከረን ሄንሪ 8ኛ ነው። ለጦርነት ወጪ ሲል ከ1544 ጀምሮ በብሩ ላይ መዳብ አበዛበት። 92.5 በመቶ የነበረው ንጽሕና ወደ ሲሶ ወረደ፤ በልጁ በኤድዋርድ 6ኛ ጊዜ ደግሞ በ1551 ሩብ ደረሰ። የሄንሪ ምስል ፊት ለፊት ስለሚያይ ቀድሞ የሚፋቀው አፍንጫው ነበር፤ መዳቡም ብቅ ሲል ሕዝቡ «የመዳብ አፍንጫ» አለው። የዋጋ ንረትን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ኤልሳቤጥ በ1560 ለእርምት ስትነሳ መጥፎዎቹን ባለ 12 ፔኒ ሳንቲሞች ምልክት አስመታችባቸው፤ የምሽግ በር ያለው በአራት ፔኒ ተኩል፣ ውሻ ያለው በሁለት ፔኒ ከሩብ እንዲሄድ። ከዚያ ተሰብስበው ቀለጡ። ኪሳራውን በየሰው መዳፍ ላይ በግልጽ ማሳየት ድፍረት ይጠይቃል፤ እኔ ይህን ሥራዋን ከሁሉ አስበልጣለሁ።

በ1561 ባለ ስድስት፣ ባለ ሦስት፣ ባለ አንድ ተኩልና ባለ ሦስት ሩብ ፔኒ ሲወጡ ከነባሮቹ እንዲለዩ ከንግሥቲቱ ራስ ጀርባ ጽጌረዳ ተደረገ። ይህን ያገኘችው ፎቶግራፎቹን ደርድራ ያወዳደረች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ማንም አልነገራትም።

ሳንቲማችንን በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ስንመዝነው 2.7 ግራም ሆነ። ሲመታ 3.1 ግራም ገደማ ነበር። ግማሹ አባል «በአገልግሎት አልቆ ነው» ሲል ግማሹ «ዳሩ ተከርክሟል» አለ። በአንድ በኩል የዙሪያው ጽሑፍ አናቱ ተቆርጦ ስላየን ሁለተኞቹ ረቱ።

በሚቀጥለው ዓመት የቻርልስ ቀዳማዊን የእርስ በርስ ጦርነት ሳንቲሞች፣ በተለይ በተከበበችው ኒዋርክ በ1645 እና በ1646 የወጡትን ባለ አራት ማዕዘን ብሮች እናያለን። ምዝገባ በመስከረም ይጀመራል፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ቅድሚያ አላቸው።