ደብዳቤ ለልጄ፦ አልጋችሁን መሐል ላይ ያዙ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው?

የላክሽልኝን የእረፍት ዕቅድ ደጋግሜ አየሁት። አራት ቀን፣ አራት ማደሪያ። ሁለቱን ቀን ባሕሩ ዳርቻ፣ ሁለቱን ቀን ገጠር። በየሰዓቱ የት እንደምትሆኑ ሳይቀር ጽፈሻል። እውነቱን ልንገርሽ? ሳነበው ብቻ ደከመኝ። «ፈታ ብለን እንመለሳለን» ብለሽኛል። በዚህ አያያዝ ግን ፈታ የምትሉት ሥራ ስትገቡ ነው።

መጀመሪያ አልጋውን እንይ። ማደሪያ መቀየር ወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ሲደርስ ግን ሻንጣ መክተት አለ፣ ቻርጀሩ የት ገባ መባባል አለ። ብዙ ቦታ ደግሞ ጠዋት አራት ወይም አምስት ሰዓት ላይ ክፍሉን ልቀቁ ይሏችኋል። አዲሱ ቦታ የሚያስገቧችሁ ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። በመሐል ያለውን ሰዓት ከነሻንጣችሁ ትንከራተታላችሁ። ይህን በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ልታደርጉት ነው።

እኔ ብሆን አንድ አልጋ ብቻ ነው የምይዘው። እሱንም ባሕሩ ጫፍ ላይ አላደርገውም። ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ከውኃው በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚርቅ መንደር እፈልጋለሁ። ጠዋት ተነስታችሁ ሰማዩን ታያላችሁ። ከዚያ ወይ ወደ ባሕሩ፣ ወይ ወደ ኮረብታው። በቃ፣ ዕቅዱ ይኸው ነው።

ይህን የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕር ዳሩና ገጠሩ ቅርብ ለቅርብ ሆነው የአንድ ቀን አየራቸው ለየቅል ነው። እርጥበት ያዘለ ሞቅ ያለ አየር ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ሲያልፍ ጉም ይሆናል። ጉሙ ዳርቻውን ሸፍኖ ሊውል ይችላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ስትገቢ ግን ፀሐይ ሆኖ ታገኚዋለሽ። በሞቃት ቀን ነገሩ ይገለበጣል። የብሱ ከባሕሩ ቶሎ ስለሚሞቅ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ በቦታው ቀዝቃዛው ከባሕር ይነፍሳል። ይህ ነፋስ ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ይጀምርና ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ኮረብታው ላይ ያለው ሰው ጥላ ሲፈልግ፣ ዳርቻው ላይ ያለው ሹራብ ይደርባል። መሐል ላይ ያደረ ሰው የተሻለውን ይመርጣል። «ባሕሩ የሚታይበት ክፍል» ብሎ የያዘው ግን ጉሙን ሲያይ ይውላል።

ስለዚህ ከአሁኑ የአሥር ቀን ትንበያ እየከፈታችሁ አትጨነቁ። የማታው ትንበያ ለነገው ይበቃል።

«ታዲያ ምንም ላናቅድ ነው?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። አይደለም። በደንብ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ሰዓት አለ። እሱም ባሕሩ የሚሸሽበትና የሚመለስበት ነው። በዕቅድሽ ላይ ያጣሁት እሱን ነው። የሁለተኛው ቀን ላይ «ከሰዓት፣ በገደሉ ሥር የእግር ጉዞ» ብለሽ ጽፈሻል። ያን ሰዓት ውኃው የት እንደሚሆን አይተሻል?

በአብዛኛው ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ዛሬ ጠዋት የተራመዳችሁበት አሸዋ ከቀናት በኋላ በዚያው ሰዓት ውኃ ሥር ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ጨረቃ ናት። ምድር አንድ ጊዜ ስትዞር እሷም በመንገዷ ወደፊት ትሄዳለች፣ እሷን ለመድረስ ትንሽ ጭማሪ ጊዜ ያስፈልጋል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን ደግሞ ውኃው ከወትሮው ከፍ ብሎ ይመጣል፣ ርቆም ይሸሻል። መጠኑ እንደየባሕሩ ነው። ሜዲትራኒያን ላይ ብዙ ቦታ ልብ የሚባል ለውጥ የለም። ካናዳ ያለው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። የምትሄዱበትን ዳርቻ የሰዓት ሠንጠረዥ ቀድማችሁ ፈልጉ። ሌላ ቦታ የወጣውን አትውሰዱ፣ ሰዓቱ ይለያያል።

ገደል ሥር ያለ አሸዋ ውኃው ሲመለስ መውጫ ሊያሳጣ ይችላል። ረባዳ ቦታ ላይ ደግሞ ውኃው ከፊት ብቻ አይመጣም፤ በጎን ዞሮ ከኋላችሁ ያለውን ዝቅታ ሊሞላው ይችላል። ውኃው መጨረሻው ድረስ ከመጉደሉ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ውረዱ። መመለስ ሲጀምር እናንተም ተመለሱ።

ያ ሰዓት የባሕር ዳር ምርጡ ሰዓት ነው፣ ለኔ ከዋና ይበልጥብኛል። ውኃው ሲሸሽ በዐለቶቹ መሐል ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ። አጠገባቸው ቁጢጥ በሉና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ከዚያ ድንጋይ የመሰላችሁ ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ለካ ሸርጣን ነው። ዐለቱ ላይ የተጣበቀ ትንሽ ሾጣጣ ቅርፊት ታያላችሁ፤ ሥሩ ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጡር አለ። ውኃ ሲሞላ እየተንፏቀቀ ዐለቱ ላይ የበቀለውን ይግጣል፣ ሲጠግብ ወደዚያችው ወደ ቦታው ይመለሳል። የቅርፊቱ ጠርዝ ከዚያች ቦታ ጋር ገጥሞ ያደገ ስለሆነ ውኃ ሳያስወጣ ይዘጋለታል። ስለዚህ አትንቀሉት። ድንጋይ ካነሳችሁም እንደነበረው መልሱ፣ ሥሩ የሚኖር አለ።

ስለ ዋና ብዙ አልልም። ጠባቂ ባለበት ዋኙ። ውኃው ወደ ውስጥ ከጎተተሽ ፊት ለፊት አትታገይው፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝተሽ ውጪለትና ከዚያ ተመለሺ። ደመና ነው ብላችሁም የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን አትተዉ። ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል፣ ነፋሱ ደግሞ መቃጠላችሁን ይደብቅባችኋል።

አሁን ወደ ኮረብታው። 15 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር ዳገት ጋር በሁለት ሰዓት ተኩል ልትጨርሱ አስባችኋል። እንዴት ተደርጎ? ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ትይዣለሽ፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ትጨምሪያለሽ። የእናንተ መንገድ አራት ሰዓት ሆነ ማለት ነው፣ ያውም ሳይቀመጡ። ባለቤትሽ ደግሞ ፎቶ ሳያነሳ የሚያልፈው ዛፍ የለም። ስድስት ሰዓት ያዙለት፣ ወይም መንገዱን አሳጥሩት። እኔ የማሳጠሩን ሐሳብ እደግፋለሁ።

ከፍታ ሲጨምር ይቀዘቅዛል፣ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ። ሰማይ በጠራበት ሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆው ስለሚወርድ ጠዋት ታች ጭጋግ ብታዩ አትደንግጡ፣ ፀሐይ ስትበረታ ብዙውን ጊዜ ይገፈፋል። ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ጂፒኤሱ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፣ ካርታው ግን ካልወረደ ባዶ ስክሪን ላይ ነጥብ ብቻ ነው የምታዩት። የግጦሽ መሬት አቋርጣችሁ ስታልፉ ዝግ ያገኛችሁትን በር ዝጉ፣ ክፍት ያገኛችሁትን ተዉት። ጥጃ ያላት ላም ካያችሁ ዞራችሁ እለፉ፣ በመሐላቸው አትግቡ።

ስለ ሻንጣ አባትሽን አትጠይቂ። እሱ ለሁለት ቀን ሲወጣ ቤት የሚለቅ ነው የሚመስለው። የዝናብ ጃኬት፣ ሹራብ፣ እግራችሁ የለመደው ጫማ፣ የውኃ መያዣ። አዲስ ጫማ ለዚህ ጉዞ እንዳትገዢ፣ እግርሽን ይልጠዋል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊው። አንዱን ቀን ለባሕሩ፣ አንዱን ለኮረብታው አስቢ፣ የትኛው እንደሚቀድም ግን አትወስኚ። ሦስተኛውን ባዶ ተዪው። ምንም አትጻፊበት፣ «አማራጭ» ብለሽም አትጻፊበት። አራተኛው የመመለሻ ቀን ነው፣ ከእሱ ምንም አትጠብቁ። አልጋውን ስትይዢ ቀን መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ቀኑን ስትቆርጡም ቀድመሽ ንገሪኝ፣ ጨረቃዋ ሙሉ የምትሆንበትን እኔ ከቀን መቁጠሪያው አይልሻለሁ።

እናትሽ